የእማማ ሶሊያና ቁጥር

ማዶ ከተማ ውስጥ ሰው ሲተዋወቅ ስም የሚጠየቀው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚመጣው «ስንት ትደርሳለህ?» የሚለው ነው። ያብስራ ለዚህ ጥያቄ ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ መልስ ብቻ ነበረው፤ እሱንም የሚናገረው አንገቱን ደፍቶ ነበር። «አንድ» ይላል፤ ጠያቂውም «አይዞህ» ብሎ ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ ይለውጣል።

ነገሩ ለከተማው ሰው ቀላል ነው። ሕፃን ዓመት ሲሞላው ዘጠኝ አኃዝ ያለው ቁጥር ይወጣለታል። ያ ቁጥር ከፊት ጀምሮ ይቆረሳል። የመጀመሪያው አኃዝ ለአንድ ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ ሲነበቡ ለሁለት መካፈል አለባቸው፤ ሦስቱ ለሦስት፣ አራቱ ለአራት፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ቀሪ የመጣበት ቦታ ላይ «ቁጥሩ ተሰበረ» ይባላል፤ ባለቤቱም ከዚያ በፊት በደረሰበት ልክ ሰው ይዞ ማደር ይፈቀድለታል። የያብስራ ቁጥር በአርባ ሰባት ይጀምራል። አርባ ሰባት ለሁለት አይካፈልም። ስለዚህ ያብስራ ብቻውን የሚያድር ሰው ነው፤ ይግባኝ የለውም።

ድሮ ቤት በዕጣ ይወጣ ነበር ይባላል። ዕጣው ውስጥ የሰው እጅ እየገባ ሕዝቡ ሲማረር፣ የማደሪያ ጉባኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት ማንም የማይለምነው፣ ማንም የማያባብለው ዳኛ አገኘ፤ ማካፈልን። አርባ ሰባት የማንም ዘመድ አይደለም፤ የማንም የክርስትና ልጅ አይደለም። ሕዝቡ ይህን ሲሰማ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበ። ከዚያ ወደየቤቱ ሄዶ የየራሱን ቁጥር ቆረሰ። ከከተማው ሰው ግማሹ ሁለት ላይ እንደሚሰበር የታወቀው በዚያ ምሽት ነው።

ያብስራ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ወጣትነቱን የጨረሰው ነጠላ ሰፈር በሚባሉት ፎቆች ውስጥ ነበር። እዚያ ሁሉም ነገር የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ጠረጴዛው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፤ ማንቆርቆሪያው አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ያፈላል። እንግዳ መቀበል ክልክል አይደለም። ሲመሽ ግን ግድግዳው በለሰለሰ የሴት ድምፅ «እንግዳዎን የሚሸኙበት ሰዓት ደርሷል፤ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይላል። ድምፁ አንድም ቀን ተቆጥቶ አያውቅም፤ መቆጣት አላስፈለገውም።

ጎረቤቱ ኤልዳን የሚባል አባት ነበር። የኤልዳን ሚስት ሁለት ትደርሳለች። ልጅ ሲወለድ ሦስተኛ ሰው መጣ፤ ቁጥሯ ደግሞ ሦስት ላይ ተሰበረ። እንዲህ ሲሆን የሚወጣው አባት ነው። ማዶ ከተማ ውስጥ ሚስቱ ያረገዘች ሰው ለልጁ አልጋ፣ ለራሱ ሻንጣ ይገዛል፤ ሱቆቹም ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የሚደረድሩት። ኤልዳን ምሽት ላይ መስኮቱ ጋ ይቆማል፤ ከፊት ለፊት ካለው ፎቅ ሚስቱ ልጁን ብድግ አድርጋ ታሳየዋለች። በኋላ ልጁ አደገና ብድግ የሚደረግ አልሆነም። ኤልዳን ግን መስኮቱ ጋ መቆሙን አልተወም። ያብስራ ይህን ያይ ነበር፤ የሚያደርግለት ነገር ግን አልነበረውም።

ያብስራን ከዚያ ኑሮ ያወጡት እማማ ሶሊያና ናቸው። እማማ ሶሊያና በጉብዝናቸው ዘመን የከተማ ባቡር ሾፌር ነበሩ፤ አሁን ጉልበታቸው ቢደክምም ምላሳቸው አልደከመም። አንድ ቀን የሚኖሩበት ሕንፃ አሳንሰር መሀል ላይ ቆመባቸውና ያብስራ ተጠርቶ መጣ። በሩን ፈልቅቆ እጃቸውን ይዞ ሲያወጣቸው ምስጋና የጠበቀው ሰው ጥያቄ ቀረበለት።

«ስንት ትደርሳለህ?»

«አንድ» አለ፤ አንገቱን ደፋ።

«ማን አለህ?»

«ማንም የለኝም።»

«ዘጠነኛዬ በቅርቡ ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማረውና። ቦታው ባዶ ነው። ሂድና ዕቃህን አምጣ።»

ያብስራ ቀልድ መሰለው። እማማ ሶሊያና ግን ዘጠኝ የሚደርስ ቁጥር አላቸው፤ ማዶ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር የእሳቸው ብቻ ነው። ሹማምንት ልጆቻቸውን እንዲያስጠጉላቸው ደጅ ጠንተዋል። ሕጉ ስንት ሰው እንደሚያድር እንጂ እነማን እንደሚያድሩ ስለማይናገር፣ እማማ ደስ ያላቸውን ብቻ ሰበሰቡ። አንድ ዓይነ ሥውር መምህር አለ፤ ሁለት የሙት ልጆች እኅትማማቾች አሉ፤ የማይግባቡ ግን የማይለያዩ ሁለት ጡረተኞች አሉ፤ ልብስ ሰፊዋ ረድኤትና ባሏ ኪሩቤል አሉ። ያብስራም ፍራሹን ተሸክሞ ዘጠነኛ ሆነ። የመጀመሪያውን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም፤ የሌሎችን ትንፋሽና ማንኮራፋት ሲሰማ አደረ። ደስ ብሎት ነው።

እማማ ሶሊያና እራት ላይ የሚወዱት ጨዋታ ቁጥራቸውን መቁረስ ነው። ሁሉም ሰው በቃሉ ቢያውቀውም አዲስ እንደሆነ ይነግሯቸዋል።

«381654729 ነው፤ ስሙኝ። ሦስት ለእኔ ለብቻዬ። ሠላሳ ስምንት ለሁለት ሲካፈል ዐሥራ ዘጠኝ። ሦስት መቶ ሰማንያ አንድ ለሦስት፣ መቶ ሃያ ሰባት። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ዐሥራ ስድስት ለአራት፣ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት። 38165 ለአምስት ይካፈላል፤ 381654 ለስድስት። እዚህ ድረስ የሚደርስ አይጠፋም። ጉድ የሚባለው ሰባተኛው ነው! 3816547 ለሰባት፤ አምስት መቶ አርባ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሃያ አንድ፤ ፍርፋሪ እንኳ አይተርፍም። 38165472 ለስምንት፣ ሙሉው ደግሞ ለዘጠኝ።»

«ምኑ ነው ይሄን ያህል የሚያስገርመው?» ይላል አንዱ ጡረተኛ፣ ለማናደድ።

«ምኑ? አኃዞቹን እያቸው እንጂ! ከአንድ እስከ ዘጠኝ ሁሉም አሉ፤ አንዱም አልተደገመም። እነዚህን ዘጠኝ አኃዞች ከሦስት መቶ ስልሳ ሺህ በሚበልጥ መንገድ እያቀያየሩ መደርደር ይቻላል። እንዲህ እስከ መጨረሻው የሚካፈለው ግን አንድ ድርድር ብቻ ነው። እሱ ለእኔ ደረሰኝ። ምን ሠርቼ? ምንም! ባቡር ነዳሁ እንጂ ጽድቅ አልሠራሁ።»

ቤተሰቡ እርስ በርሱ የሚጠራራው በአኃዙ ነው። ረድኤት ሰባት ናት፤ ኪሩቤል ሁለት፤ ያብስራ ዘጠኝ። ጠዋት ጠዋት «ሰባት፣ ከመታጠቢያ ቤት ውጪ! ስድስት ቆማለች!» የሚለው የእማማ ድምፅ ሕንፃውን ይቀሰቅሰዋል። ያብስራ ዕድሜውን ሙሉ ሲያፍርበት የኖረውን ቁጥር እዚህ ቤት ውስጥ ማንም አላነሣበትም። እሱ ግን ምስጋናውን ይዞ ዝም ማለት አልቻለበትም፤ ሁልጊዜ ከእራት በኋላ ተነሥቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ልጆቹ ይስቁበታል። «ለጨው ማቀበልም ያመሰግናል» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ረድኤት አረገዘች፤ ሴት ልጅም ተገላገለች። ልጅቷ ጥቁር ፀጉር አላት፤ ጩኸቷ ከአካሏ ይበልጣል። ለቤቱ ሁሉ ሠርግና ምላሽ ሆነ። ሆኖም ሁሉም አንድ ነገር ያውቃል፤ ልጅቷ ዐሥረኛ ናት። የማንም ሰው ቁጥር ከዘጠኝ አኃዝ አይበልጥም፤ ስለዚህ ከዘጠኝ በኋላ ቦታ የለም። ይህን ማዶ ከተማ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሕፃን ስትመጣ የማደሪያ ጉባኤ ሰሚ ይልካል፤ ሰሚው ቁጥሩ ሲቆረስ ሰምቶ ቤቱን ይመዘግባል፤ የተረፈው ሰው ይወጣል።

አንድ ምሽት ኪሩቤል ሻንጣ ይዞ ገባ። አዲስ ነው፤ የሱቁ ላስቲክ ገና አልተላጠለትም። ያብስራ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሻንጣውን ለእኔ አውሰኝ» አለ።

«ለምንህ?» አለ ኪሩቤል።

«የምወጣው እኔ ነኝ። መጨረሻ የገባሁትም እኔ ነኝ።»

«ምን ነካህ አንተ? ልጅቷ የእኔ ናት፤ ወጉም የሚያዘው እኔን ነው።»

«እኔ ብቻዬን ማደር እችልበታለሁ፤ አንተ አትችልበትም። መስኮት ላይ ቆሞ የሚያረጅ አባት አይቻለሁ። ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።» ያብስራ ረጅም ነገር መናገር የለመደ ሰው አይደለም። «እዚህ ቤት የኖርኩት ኑሮ ለአንድ ሰው ይበቃል። እኔ እኮ እዳዬን አይደለም የምከፍለው፤ ደስ ብሎኝ ነው። አስልቼዋለሁ። እኔ ወጥቼ ልጅቷ ዘጠነኛው ቦታ ላይ ብትቆም ቁጥሩ አይሰበርም።»

እውነቱን ነው። ቁጥር ያልወጣለት ሕፃን በቆመበት ቦታ ዜሮ ይባልለታል፤ 381654720 ደግሞ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላል። ረድኤት ፊቷን በሻርፏ ሸፍና አለቀሰች። ሁሉም የእማማ ሶሊያናን ፊት ተመለከተ።

«ብላ» አሉት እማማ፤ «ይቀዘቅዛል።»

ያብስራ በልቶ ተኛ። ሌሎቹ ግን ያን ሌሊት ቶሎ አልተኙም፤ ወጥ ቤት ውስጥ ሲንሾካሾኩ ቆዩ። እሱ ስለ ሻንጣው ይሆናል ብሎ አሰበና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የቁረሳው ቀን ያብስራ ቁርሱን እንደበላ ለመሄድ አስቦ ነበር። ሰሚው ከመምጣቱ በፊት ከወጣ ስሙ እንኳ አይነሣም። ፍራሹን ጠቅልሎ በገመድ አሰረ፤ ጫማውን ሲያስር በሩ ተንኳኳ። ሰሚው ከቀጠሮው ቀድሞ መጥቷል። እንደ ድሮው ቢሆን ደረጃውን ሲወጣ ይዘገይ ነበር፤ አሳንሰሩን ያብስራ ራሱ በደንብ ስለጠገነው ግን ሽው ብሎ ደረሰ።

ሰሚው አቶ ናሆም ይባላል፤ ትከሻው የጎበጠ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ጎልማሳ ነው። ሰሚዎች መሣሪያ አይዙም፤ ለዚህ ሥራ የሚመረጡት በቃላቸው የሚያካፍሉ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከነጠላ ሰፈር ናቸው። የአቶ ናሆም ዐይን በፍራሹና በያብስራ መሀል አንዴ ተመላለሰ፤ ነገሩንም አወቀው። እንዲህ ያለ ፍራሽ በየቤቱ ያያል።

«የሚወጣው ሰው ከመጀመራችን በፊት ይውጣ» አለ። «የመጀመሪያው አኃዝ ከተጠራ በኋላ ማንም አይወጣም፤ የቆመ ሁሉ የቤቱ ሰው ነው፤ ተራው ሲደርስ አኃዙን ያልጠራ ብቻ እንዳልቆመ ይቆጠራል። ሰው በቆመበት ቀሪ ከመጣ ግን ቤቱ ዛሬውኑ ይበተናል፤ እያንዳንዱ ወደየቁጥሩ ይሄዳል።»

ያብስራ ፍራሹን ለማንሣት ጎንበስ አለ።

«ሦስት!» አሉ እማማ ሶሊያና፣ የባቡር ጣቢያ ስም ይጠሩበት በነበረው በዚያ ድምፃቸው።

ያብስራ ገመዱን ለቀቀ። ቀና ሲል ሁሉም ግድግዳውን ተደግፈው በተራቸው ተሰልፈዋል፤ የእሱ ቦታ ከኪሩቤል ቀጥሎ ክፍት ነው። መውጣት አይቻልም። እግሩ እየከበደው ሄዶ ቆመ።

«ስምንት» አለ ዓይነ ሥውሩ መምህር።

«ይካፈላል» አለ አቶ ናሆም።

«አንድ» አለች ታላቂቱ እኅት። ታናሿ «ስድስት» አለች። ጡረተኞቹ «አምስት»፣ «አራት» አሉ፤ ለዛሬ እንኳ ሳይጣሉ። «ሰባት» አለች ረድኤት። «ሁለት» አለ ኪሩቤል። አቶ ናሆም በየመሀሉ ዐይኑን ጨፍኖ «ይካፈላል፣ ይካፈላል» ይላል።

የያብስራ ተራ ደረሰ፤ ዝም አለ። ዝም ካለ ቦታው ለልጅቷ ያልፋል፤ እሷ በዜሮዋ ዘጠነኛ ትሆናለች፤ እሱም እንዳልቆመ ይቆጠራል፤ ማንም አይበተንም። ጥርሱን ነክሶ ወለሉን አየ። በዚህ መሀል ረድኤት ልጅቷን ለኪሩቤል አቀበለችው፤ ኪሩቤልም በያብስራ ክንድ ላይ አስቀመጣት። ትሞቃለች፤ ወተት ወተት ትሸታለች።

«በል እንጂ» አለው ኪሩቤል ቀስ ብሎ። «ሌሊቱን ሁላችንም ተነጋግረናል። ብንበተን እንኳ የምንበተነው ሁላችንም ነን።»

ያብስራ ስምንቱን ሰዎች ተራ በተራ አየ። የሚገባው መልካም ነገር ከዚህ ያነሰ እንደሆነ ያውቃል፤ ግን ሰጥተውታል፤ የሰጡትን መመለስ ደግሞ ነውር ነው።

«ዘጠኝ» አለ።

«አርባ ሁለት ሚሊዮን አራት መቶ ስድስት ሺህ ሰማንያ አንድ፤ ይካፈላል» አለ አቶ ናሆም፤ ከዚያ ዐይኑን ገለጠና ልጅቷን አየ። ፊቱ ጠቆረ። «ሕፃኗስ የት ናት የቆመችው?»

«ከዘጠኝ ቀጥላ» አሉ እማማ።

«እማማ፣ ቁጥርዎ እኮ እዚህ ላይ አለቀ። ዐሥረኛ ቦታ የሚባል ነገር የለም።»

«ማነው የለም ያለው? ሕጉን በልልኝ፤ ቃል በቃል።»

አቶ ናሆም ሕጉን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ በየቤቱ ሲለው ነው የኖረው። «ቤተሰቡ እንደ ተሰለፈ ይደመጥ፤ ቀሪ እስኪመጣ ድረስ ይቀጥል፤ ቁጥር ያልወጣለት ሕፃን በቆመበት ዜሮ ይባል፤ ሰሚው ከማካፈል በቀር ምንም ሥልጣን የለውም።» ሕጉ እዚህ ላይ አለቀ። ሁሉም ሰምቶታል። «ዘጠኝ» የሚል ቃል ሕጉ ውስጥ የለም። ዘጠኝ የሚለውን ከተማው ነው ለራሱ የጨመረው፤ ዘጠኝ ደርሶ የሞላ ቤት ውስጥ ልጅ ተወልዶ ስለማያውቅ ማንም አልጠየቀውም።

ልጅቷ ያብስራ ክንድ ላይ ታንኮራፋለች። አቶ ናሆም የሸሚዙን አንገት አላላ፤ እንደገና ዐይኑን ጨፈነ።

«ዜሮ» አለ።

በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ለዐሥር እንደሚካፈል ታናሿ እኅት እንኳ ታውቃለች። አቶ ናሆም ግን ሥርዓቱን አልዘለለም፤ ቁጥሩን ሙሉውን ጠራው። «ሦስት ቢሊዮን ስምንት መቶ ዐሥራ ስድስት ሚሊዮን አምስት መቶ አርባ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና። ለዐሥር...» ድምፁ ተሰበረ። «ለዐሥር ይካፈላል። ደግሞ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ያሉት አኃዞች ሁሉ አሉበት። አንዱም አልተደገመም፤ አንዱም አልቀረም። ስንት ዘመን ቁጥር ስሰማ እንዲህ ያለ አልሰማሁም።»

«ታዲያ?» አለች ረድኤት፤ የሰማችውን ማመን አቅቷት።

«ታዲያማ ዐሥር ናችሁ። እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

እልልታው ሕንፃውን አናወጠው። ጡረተኞቹ ተቃቀፉ፤ ወዲያው ደግሞ ማን ቀድሞ እንዳቀፈ ተጣሉ። ኪሩቤል ሻንጣውን በእግሩ ገፍቶ ከአልጋው ሥር ከተተው። ያብስራ ልጅቷን እንደ ታቀፈ ማመስገን ጀመረ። እማማን አመሰገነ፤ ረድኤትንና ኪሩቤልን አመሰገነ፤ ጡረተኞቹን፣ መምህሩን፣ እኅትማማቾቹን አመሰገነ፤ ምንም ያላደረገችውን ልጅ አመሰገነ፤ እንባው አገጩ ላይ ደረሰ።

«እማማ» አለ በመጨረሻ፣ «እንደሚካፈል ያውቁ ነበር?»

«መካፈሉንማ ማን ያጣዋል! ያላወቅሁት ይህ ሰውዬ ይሰማን እንደሆነ ነው። ባይሰማን ሁላችንም ወጥተን ነበር። አንተን አስወጥቶ የሚተኛ ሰው እዚህ ቤት አልነበረም፤ በቃ።»

አቶ ናሆም ምዝገባውን ጨርሷል፤ በሩ ጋ ቆሟል። መሄድ ሲገባው አልሄደም።

«ዐሥራ አንድም ይሄዳል» አለ፤ ለራሱ የሚናገር ይመስላል። «መጨረሻው ላይ ስድስት ቢጨመር ለዐሥራ አንድ ይካፈላል። ያለ ቀሪ።» ከዚያ አፈረ። «እንዲሁ ነው ያልኩት። ስድስቱን የሚሰጥ ሕግ የለም።»

«አንተ ስንት ትደርሳለህ?» አሉት እማማ ሶሊያና።

አቶ ናሆም አንገቱን ደፋ። መልሱን ያብስራ ሳይነገረው አወቀው።

«ሕጉ ስለ ማደር እንጂ ስለ ምሳ ምንም አላለም» አሉ እማማ፤ «ግባና ጫማህን አውልቅ።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ዐሥራ አንድ ሰው ሆነ፤ አንዷ ገና ጡት ጠቢ ብትሆንም። ወንበር አልበቃም። ያብስራ የራሱን ለአቶ ናሆም ለቀቀና ሳህኑን ይዞ ግድግዳው ሥር ቆመ። አቶ ናሆም ፊት ለፊቱ ሰው ተቀምጦ መብላት ስላልለመደ ዐይኑን የት እንደሚያሳርፍ ጠፍቶታል፤ ቀስ በቀስ ግን ቀና አለ፤ ታናሿ እኅት ጨው ስታቀብለው አመሰገናት፤ ልጆቹ «ይሄም እንደ ዘጠኝ ነው!» ብለው በሳቅ ፈነዱ። ያብስራ እዚያው ቆሞ በላ። እንደዚያ ቀን ምሳ ጥሞት አያውቅም።